ዝምድና በምሁራን ሚዛንና በቤታችን

«ዘመድ» የሚለውን ቃል በአንድ ሳምንት ውስጥ በስንት ቦታ እንደምንሰማው ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁን? ጉዳይ ይዞ ወደ መሥሪያ ቤት የሚሄድ ሰው «እዚያ ዘመድ አለህ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ሥራ ያጣ ወጣት «ዘመድ የሌለውን ማን ይቀጥረዋል?» እያለ ያማርራል። ልጅ ስትታጭ «ዘመዶቿ እነማን ናቸው?» ይባላል። ሰው ሲሞት ደግሞ «ዕዳ ያለበት እንደሆነ ለዘመዶቹ ንገሩ» ይባላል። ቃሉ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን አንድ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት አነጋገሮች ዘመድ ማለት የሚጠቅመን ሰው ነው። በሦስተኛው የማንነት ምስክር ነው። በመጨረሻው ግን ዘመድ ማለት ኃላፊነት ያለበት ሰው ነው።

ይህ መደበላለቅ በእኛ ሠፈር ብቻ ያለ አይደለም። በዕውቀት ዓለምም የሎጂክ ሰው፣ የሂሳብ ሰው፣ የባህል ተመራማሪውና የምጣኔ ሀብት ሰው ሁሉም ስለ ዝምድናና ስለ ግንኙነት ይናገራሉ፤ የሚናገሩት ግን ስለ አንድ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ዘርፍ ከዝምድና አንዱን ጎን ይዞ በዚያ ጎን ጠቃሚ ነገር አሳይቷል። ስሕተቱ የሚመጣው የአንዱ ዘርፍ ሚዛን ከቦታው ወጥቶ ለሁሉም ዳኛ ሲሆን ነው። በዘመናችን ደግሞ ይህን የዳኝነት ወንበር የያዘው የጥቅም ሚዛን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም እነዚህን ሚዛኖች አንድ በአንድ አንሥቶ እስከ ምን ድረስ እንደሚያገለግሉና የት ላይ እንደሚያጥሩ መመልከት ነው።

የሎጂክ ሰዎች ሚዛን

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረው የግሪክ ፈላስፋ አርስቶትል ነገሮችን በዐሥር መደቦች ሲከፍል አንዱ መደብ ከሌላ ነገር ጋር በመያያዝ ብቻ የሚታወቀው ነው። እጥፍ ያለ ግማሽ እጥፍ አይባልም። አባትም ያለ ልጅ አባት አይባልም። ይሁን እንጂ ከእርሱ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት በትምህርት ቤት የተሰጠው ሎጂክ አንድ ነገር ምን እንደሆነ የሚናገሩ ዐረፍተ ነገሮችን እንጂ አንዱ ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚያያዝ የሚናገሩትን በቅጡ ሊመዝን አልቻለም ነበር። በ1860 እ.ኤ.አ ይህን ጉድለት በሰፊው የመረመረው በሕንድ አገር የተወለደው እንግሊዛዊው የሂሳብ ሊቅ ኦገስተስ ዲ ሞርጋን ነው። ፈረስ እንስሳ ከሆነ የፈረስ ራስም የእንስሳ ራስ መሆኑ ለሕፃን እንኳ ግልጽ ነው፤ የድሮው ሎጂክ ግን ይህን ቀላል ነገር ሊያረጋግጥ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። ልጆቻችሁ በሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ መጽሐፍ ውስጥ «ሪሌሽን» እያሉ የሚማሩት የዚህ ጥናት ፍሬ ነው።

ይህ ዕውቀት ዝምድናን በጠባዩ ይለያል። ተመላላሽ ዝምድና አለ፤ እኔ ጎረቤትህ ከሆንሁ አንተም ጎረቤቴ ነህ። የማይመለስ አለ፤ እኔ አባትህ ከሆንሁ አንተ አባቴ አይደለህም። ተሸጋጋሪም አለ፤ ዘይነብ የፋጢማ ታላቅ ብትሆን፣ ፋጢማም የሐሊማ ታላቅ ብትሆን፣ ዘይነብ የሐሊማ ታላቅ መሆኗ አይቀርም። የማይሸጋገርም አለ፤ የጓደኛዬ ጓደኛ ጓደኛዬ ላይሆን ይችላል።

ይህ የክፍል ውስጥ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አሕመድና ዑመር አባታቸው አንድ፣ እናታቸው ግን ለየቅል ናት። የዑመር እናት ከፍቺ በኋላ ሌላ ባል አግብታ ዚያድን ወለደች። አሕመድ የዑመር ወንድም ነው። ዑመርም የዚያድ ወንድም ነው። አሕመድና ዚያድ ግን በደም አይገናኙም። እንኳንስ ሊወራረሱ ይቅርና የአሕመድ የአባትና የእናት እህት ለዚያድ ብትታጭ በዚህ ምክንያት የሚከለክላት የለም። በየቤቱ «የወንድሜ ወንድም እንዴት ወንድሜ አይሆንም!» ተብሎ በውርስ ላይ ክርክር የሚነሣው ወንድምነት ሁልጊዜ ተሸጋጋሪ እንደሆነ ስለሚታሰብ ነው።

በጡት የሚመጣውንም ዝምድና (ረዷዕን) ተመልከቱ። አንዲት ሴት የሌላይቱን ሕፃን በሸሪዓው በተወሰነው መሠረት ካጠባችው ልጇ ይሆናል፤ ሴት ልጇንም ሊያገባ አይችልም። ውርስ ግን በመካከላቸው የለም። እንግዲህ አንዱ ዝምድና ለጋብቻ ክልከላ ሲያደርስ ለውርስ ግን አያደርስም ማለት ነው። የፊቅህ ሊቃውንት ይህን ልዩነት ሲያስተምሩ የኖሩት የአውሮፓ ሊቃውንት ስለ ዝምድና ጠባይ በምልክት መጻፍ ከመጀመራቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው።

የሎጂክ ሚዛን ጥቅሙ ይህ ነው፦ «ዘመዴ ነው» የሚል ሰው በየትኛው መንገድ፣ ለየትኛው ጉዳይ ብሎ እንዲጠይቅ ያስገድደዋል። የሚያጥረው ግን ክብደት ላይ ነው። ሎጂክ ይህች ሴት የአባትህ እህት ናት ብሎ ይነግርሃል፤ በታመመች ጊዜ በሯን የምታንኳኳ መሆን አለመሆንህ ግን የእርሱ ጉዳይ አይደለም።

የቁጥር ሰዎች ሚዛን

በ9ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በባግዳድ፣ በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን (813-833 እ.ኤ.አ) ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ዛሬ ዓለም «አልጄብራ» የሚለውን ስም ያገኘበትን መጽሐፍ ጻፈ። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የዚያ መጽሐፍ ሰፊ ክፍል ስለ ውርስና ስለ ኑዛዜ (ወሲያ) አከፋፈል መሆኑን ነው። ልጆቻችን የሚፈሩት «ኤክስ» መጀመሪያ ከሚያገለግልባቸው ነገሮች አንዱ የሟች ቤተሰብ ሳይበዳደል እንዲካፈል ማድረግ ነበር።

አንድ ሰው ሚስቱን፣ አንድ ወንድ ልጁንና አንዲት ሴት ልጁን ትቶ ቢሞት፣ የቀብር ወጪውና ዕዳው ተከፍሎ ኑዛዜውም ተፈጽሞ 240 ሺህ ብር ቢተርፍ፣ ሚስት አንድ ስምንተኛውን 30 ሺህ ትወስዳለች። ከቀሪው 210 ሺህ ወንዱ 140 ሺህ፣ ሴቷ 70 ሺህ ያገኛሉ። እዚህ ላይ ቁጥሩ ዝምድናን አልለካም፤ ዝምድናው ያስከተለውን ሐቅ ነው የለካው። ይህች ልጅ ሩቅ አገር ትኑር ቅርብ፣ ከወንድሟ ጋር ትስማማ ትኳረፍ፣ 70 ሺሁ የእርሷ ነው። «እርሷ አግብታለች፤ ምን ያደርግላታል?» በሚል ምክንያት እህቶች ድርሻቸውን የሚነፈጉበት ቤት እንዳለ እናንተም ታውቃላችሁ። እንዲህ ያለው ቤት የሚያደርገው ሐቅን ወደ ስሜት መለወጥ ነው።

ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ ሌላ የቁጥር ሰው ተነሣ። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን በ1886 እ.ኤ.አ ባወጣው ጥናት የ205 ጥንድ ወላጆችን ቁመት ከ928 ጎልማሳ ልጆቻቸው ቁመት ጋር አስተያየ። የረጃጅም ወላጆች ልጆች ረጃጅም ቢሆኑም በአማካይ ወደ መካከለኛው ቁመት የሚጠጉ መሆናቸውን አየ። በ1888 እ.ኤ.አ ደግሞ ሁለት ነገሮች ምን ያህል አብረው እንደሚለዋወጡ በቁጥር የሚገልጽበትን መንገድ አቀረበ። ካርል ፒርሰን አሻሽሎት ዛሬ «ኮሪሌሽን» የሚባለው፣ ከ-1 እስከ +1 የሚደርሰው ቁጥር ይህ ነው። ያለ እርሱ የሕክምናም ሆነ የግብርና ምርምር አንድ እርምጃ አይራመድም።

ነገር ግን ልብ በሉ! ይኸው ጋልተን በ1883 እ.ኤ.አ «ዩጀኒክስ» የሚለውን ቃል የፈጠረ ሰው ነው። የሰውን ዘር እንደ ከብት መርጦ ማራባት ይገባል የሚለው ትምህርት ከዚህ ተነሣ። በ1927 እ.ኤ.አ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «አእምሯቸው ደካማ ነው» የተባሉ ሰዎችን በግዴታ ማምከን የሚፈቅደውን የቨርጂኒያ ግዛት ሕግ አጸደቀ። ከዚያ በኋላ በጀርመን የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። ቁጥሩ በራሱ ክፉ አልነበረም። ክፋቱ ስለ ብዙ ሰዎች አማካይ የሚናገረውን ቁጥር አንድን ሰው ለመፍረድ በማዋል ነው።

ሌላም አደጋ አለ። ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አያስረዳም። ጃንጥላ የያዘ ሰው በበዛበት ቀን ጭቃ ይበዛል፤ ጭቃውን ያመጣው ግን ዝናቡ እንጂ ጃንጥላው አይደለም። ይህን ሕግ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ በቃሉ ይለዋል። በቤታችን ግን «እርሷ ወደዚህ ቤት ከገባች ወዲህ ንግዱ ከሰረ፤ ገደ ቢስ ናት» እየተባለ ስንት ሙሽራ ያለ ጥፋቷ አልቅሳለች? ይህ ሃይማኖታችን ጢየራ (ገድ መቁጠር) ብሎ የከለከለው ነው። በስታቲስቲክስ ሰዎችም ዘንድ መሠረታዊ ስሕተት ነው።

የባህል ተመራማሪዎች ሚዛን

በአሜሪካ የኒውዮርክ ግዛት ጠበቃ የነበረው ሉዊስ ሄንሪ ሞርጋን ከሴኔካ ሕዝብ ጋር ሲቀራረብ አንድ ነገር አስደነቀው፤ ልጆቹ የአባታቸውን ወንድም «አባት» ብለው ይጠሩታል። ይህን ተከትሎ ከልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች የዝምድና ስሞችን ሰብስቦ በ1871 እ.ኤ.አ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። የዝምድና ጥናት በአንትሮፖሎጂ ውስጥ ራሱን የቻለ ዘርፍ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስም ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በአማርኛ የአባትም የእናትም ወንድም «አጎት» ነው። በዐረብኛ ግን የአባት ወንድም ዐም፣ የእናት ወንድም ኻል ይባላል። በአፋን ኦሮሞም የእናት ወንድም ኤሱማ የሚል የራሱ ስም አለው። ልዩነቱ የአጠራር ብቻ አይደለም። በውርስ ሕግ ዐም በቅርብ ወራሾች ሲታጣ ወደ ውርስ የሚገባ የአባት ወገን ሲሆን ኻል በዚያ ረድፍ ውስጥ የለም። ሁሉንም «አጎት» ብሎ ያደገ ልጅ ይህን ለመረዳት ስሙን እንደገና መማር ይኖርበታል።

ሞርጋንና ተከታዮቹ ዝምድና ማለት ደም ማለት ነው፤ ባህል የሚጨምርበት ስም ብቻ ነው ብለው ያስቡ ነበር። በ1984 እ.ኤ.አ አሜሪካዊው ዴቪድ ሽናይደር ይህን አስተሳሰብ በብርቱ ነቀፈው፤ ደምን የዝምድና ሁሉ መሠረት ማድረግ የአውሮፓውያንና የአሜሪካውያን እምነት እንጂ የዓለም ሁሉ እውነት አይደለም አለ። በ2013 እ.ኤ.አ ደግሞ ማርሻል ሳሊንስ ዘመዳሞች ማለት አንዱ በሌላው ሕይወት ውስጥ የሚኖር፣ የአንዱ ደስታና ሐዘን የሌላው የሆነ ሰዎች ናቸው የሚል ፍቺ አቀረበ።

ይህን ክርክር የሚያነብ ሙስሊም በ1332 እ.ኤ.አ ቱኒስ ውስጥ የተወለደውን ኢብን ኸልዱንን ማስታወሱ አይቀርም። እርሱ በ1377 እ.ኤ.አ በጨረሰው ሙቀዲማ ውስጥ የዘር ሐረግ በራሱ በሐሳብ ያለ ነገር እንጂ የሚጨበጥ አለመሆኑን፣ ጥቅሙም በሚያመጣው መተሳሰርና መረዳዳት እንደሆነ ያስረዳል። መረዳዳቱ የሌለበት የዘር ቆጠራ ለእርሱ ፍሬ የሌለው ዕውቀት ነው። በቃል ኪዳንና በመጠጋት የሚመጣ ትስስርም የዘርን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ጽፏል። ሽናይደር በነቀፌታው ከደረሰበት ቦታ ኢብን ኸልዱን ከ600 ዓመት በፊት አጠገቡ ደርሶ ነበር ማለት ይቻላል።

አገራችንም ለዚህ ምስክር ናት። በወሎ ሰው ሲሞት ቅሬው ይሰበሰባል፤ የዘር ሐረግ አይጠየቅም፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ ይቀብራል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ተረትም የወጣው ከዚህ ኑሮ ነው። ይሁን እንጂ በአዲሶቹ የባህል ተመራማሪዎች ላይም ሂስ አለን። ዝምድና አብሮ መኖር ብቻ ነው ካልን አብሮን የማይኖረው፣ የተኳረፈን፣ በስደት የራቀን ዘመድ ዘመድነቱን ያጣል ማለት ነው። የአባትህ እህት ለ20 ዓመት ባትጠይቃትም የአባትህ እህት ናት። ሐቋም ባለመጠየቅህ አይሰረዝም። ዝምድናን ከኑሮ ብቻ የሚቀዳ ፍቺ የዘነጋ ሰው የሚወቀስበትን መሠረት ያሳጣናል።

የጥቅም ሚዛን

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1973 እ.ኤ.አ ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ተመራማሪ ቦስተን አጠገብ በምትገኘው ኒውተን ሥራ የቀየሩ ሰዎችን ጠይቆ አስገራሚ ውጤት አወጣ። ሥራውን በሚያውቁት ሰው በኩል ካገኙት 54 ሰዎች ውስጥ ያንን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው። 55.6 በመቶው አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶው ደግሞ ከስንት አንዴ ነበር የሚያገኙት። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ የቅርብ ሰው የሚያውቀውን እኛም እናውቀዋለን፤ አዲስ ወሬ የሚመጣው ከራቀው ዘንድ ነው። ይህ እውነትና ጠቃሚ ዕውቀት ነው። ሥራ የሚፈልግ ልጅ ያላችሁ «በድሮ መምህርህና በሩቅ በምታውቃቸው ሰዎች ዘንድም ጠይቅ» ብትሉት ከጥናቱ ጋር ትስማማላችሁ።

ከዚያ በኋላ ግን «ማኅበራዊ ካፒታል» የሚል አነጋገር ተስፋፋ። ፈረንሳዊው ፒየር ቡርዲዩ በ1980ዎቹ የተጠቀመበት ሀብታሞች በትውውቃቸው አማካይነት ሀብታቸውን ለልጆቻቸው እንዴት እንደሚያቆዩ ለማጋለጥ ነበር። ጀምስ ኮልማን በ1988፣ ሮበርት ፑትናም በ2000 እ.ኤ.አ ሲያነሡት ግን በአብዛኛው እንደ መልካም ነገር፣ እንደሚከማች ሀብት ሆነ። ከምሁራን መጽሐፍ ወደ ንግድ ሥልጠና፣ ከሥልጠናው ወደ ሰው አፍ ሲወርድ ደግሞ «ኔትወርክ» እና «ኮኔክሽን» ሆነ። ዛሬ ወጣቱ «ኮኔክሽን አለው» ሲል የሚያደንቀው ብዙ ዘመድ የሚጠይቀውን ሰው ሳይሆን በብዙ ቢሮ ሰው ያለውን ነው።

ካፒታል ምን እንደሆነ ነጋዴ አንባቢዎቻችን ከእኛ ይበልጥ ያውቃሉ። ካፒታል የሚቀመጠው ትርፍ ሊያስገኝ ነው፤ ትርፍ የሌለው ንግድ ይዘጋል። ይህን አስተሳሰብ ወደ ቤት ስናስገባ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ዐረብ አገር ሠርታ ገንዘብ የምትልክ ልጅ ስልክ የሚደወልላት ወር ሲያልቅ ብቻ ይሆናል፤ ደክማ ባዶ እጇን የተመለሰች ቀን ደግሞ የጠያቂው ቁጥር ያንሳል። ሹመት ያገኘው የአጎት ልጅ በዒድ ቀን ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፤ ከሥልጣን ሲወርድ ጫማ የሚወልቅበት ደጁ ባዶ ይሆናል። በአንጻሩ አልጋ ላይ የዋለች አሮጊት አክስት ከማንም «ኔትወርክ» ውስጥ የለችም። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ይባል ነበር፤ ዛሬ ግን የሚጠቅመው ብቻ ዘመድ ተብሎ የቀረው አመድ ላይ የሚጣልበት ጊዜ እየመጣ ነው።

ሌላው ጉዳት በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ነው። ዘመድ ስላለው ወረፋ የሚያልፍ ሰው የዘመድነትን ሐቅ የተወጣ ይመስለዋል። ያለፈው ግን ወረፋ ብቻ አይደለም፤ ከጠዋት ጀምሮ የቆመች የአንዲት እናት ሐቅ ነው።

ከጤና ጥናት በኩልም ተመሳሳይ ነገር ይሰማል። በ2010 እ.ኤ.አ 148 ጥናቶችን፣ በድምሩ 308,849 ሰዎችን በአንድነት የመረመረ ሥራ ጠንካራ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጥናቱ ዘመን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ50 በመቶ የበለጠ መሆኑን አሳይቷል። እዚህ ላይ አንድ ዐዋቂ አንባቢ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሲሳዩ እንዲሰፋለትና ዕድሜው እንዲረዝምለት የሚሻ ዝምድናውን ይቀጥል ብለው የለምን? ታዲያ ጥቅምን መቁጠር ምን ነውር አለው?»

ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልስም ይገባዋል። ጥቅም ፍሬ መሆኑና ጥቅም መስፈርት መሆኑ የተለያየ ነገር ነው። ፍሬ ሲሆን የሰጪው የአላህ ነው፤ መቼና በምን እንደሚመጣ አናውቅም፤ ስለዚህም የትኛውንም ዘመድ አያስቆርጠንም። መስፈርት ሲሆን ግን እኛው ቆጣሪዎች እንሆናለን፤ የማይከፍለውንም ከዝርዝር እንሰርዛለን። ይኸው ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) ዝምድናን የሚቀጥል ማለት ለተደረገለት ብድር የሚመልሰው ሳይሆን ሲቆርጡት የሚቀጥለው መሆኑን አስተምረዋል። ብድር መላሹን የጥቅም ሚዛን በሚገባ ይመዝነዋል። የቆረጡትን የሚቀጥለውን ሰው ግን ይህ ሚዛን ከሳሪ ነጋዴ ብሎ ከመጻፍ በቀር ሌላ ስም የለውም።

በአንዲት ሱራ ውስጥ

እንግዲህ ሚዛኖቹን ሁሉ እንጣላቸው ማለት ነውን? አይደለም። እያንዳንዱን በቦታው እናስቀምጠው ማለት ነው። ለዚህም ሱረቱ-ኒሳእን ገልጣችሁ ስለ ዝምድና የሚናገሩትን አንቀጾች በተራ እንድታዩ እንጋብዛችኋለን። በመጀመሪያው አንቀጽ ዝምድናን ከመቁረጥ እንድንጠነቀቅ ታዘናል። በ11ኛውና በ12ኛው የውርስ ድርሻ በክፍልፋይ ተለይቶ ተቀምጧል። በ23ኛው ለጋብቻ የሚከለከሉት፣ የጡት እናትና እህት ጭምር፣ ተዘርዝረዋል። በ36ኛው ለወላጅ፣ ለዘመድ፣ ለቅርብና ለሩቅ ጎረቤት በጎ መሥራት ታዟል። በ135ኛው ደግሞ ምስክርነታችን በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይም ቢሆን በፍትሕ እንዲቆም ታዘናል።

አስተውሉ! በአንዲት ሱራ ውስጥ ዝምድና በአንድ ቦታ ቁጥር አለው፤ በሌላ ቦታ የለውም። በአንድ ቦታ ጋብቻን ይከለክላል፤ በሌላ ቦታ መልካም ሥራን ያዝዛል። በአንድ ቦታ ያቀርባል፤ በፍርድ ፊት ግን ለማንም አያዳላም። በጎረቤት ጊዜ ደም አይጠየቅም፤ በውርስ ጊዜ ግን ይጠየቃል። የሎጂኩ ሰው ልየታ፣ የሂሳቡ ሰው ቁጥር፣ የባህል ተመራማሪው ሰፊ ዓይን እያንዳንዳቸው እዚህ ቦታ አላቸው። ቦታ የሌለው አንዱ በሌላው ወንበር መቀመጡ ነው። የውርስን ቁጥር በስሜት መተካት፣ የጥየቃን ሐቅ በጥቅም መመዘን፣ የፍርድን ቦታ በዝምድና መሙላት ሦስቱም የአንድ ስሕተት ልጆች ናቸው።

ስለዚህ በቤታችሁ ልትሠሩት የምትችሉት ነገር ቀላል ነው። ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ የዘመዶቻችሁን ስም በአባትም በእናትም ወገን አስጽፏቸው። ከዚያም በእያንዳንዱ ስም አጠገብ «ምን ይጠቅመናል?» ሳይሆን «ምን ሐቅ አለው?» ብለው እንዲጽፉ አድርጉ። ያልተሰጠ የውርስ ድርሻ ካለ ይጻፍ። ያልተጠየቀ በሽተኛ ካለ ይጻፍ። የተቋረጠ ሰላምታ ካለ ይጻፍ። በነቢያዊው ትምህርት የዘር ሐረግን የምንማረው ዝምድናችንን ለመቀጠል ነው፤ ለመኩራራት አይደለም። ልጆቻችሁም በዚህ ዝርዝር ውስጥ በስልካቸው ላይ ቁጥራቸው የሌለ ሰዎችን ማግኘታቸው አይቀርም። የመጀመሪያውን ስልክ ለእነርሱ ደውሉ።

ወላሁ አዕለም።